ከጉልቻው እስከ ጉቶው፦ ስለ ምድር ሙቀትና ስለ እኛ ድርሻ

(ደሴ ውስጥ ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች በግንቦት ወር የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ቅዳሜ ከሰዓት የቤታችሁን ጣጣ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ስለ ዓለም ሙቀት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታየን ሩቅ ነገር ነው። የዋልታ በረዶ ይቀልጣል፣ ድብ የሚበላው ያጣል፣ ደሴት ይሰምጣል። ሁሉም እውነት ነው። እኛ ግን ወሬውን ለመጀመር በረዶው ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በልግ አለን።

ከኩታበር፣ ከለጋምቦ፣ ከደላንታ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። ለደጋው ወሎ በልግ ትርፍ ነገር አይደለም። ለስንት ቤተሰብ ዋናው አዝመራ እሱ ነው። የካቲት ላይ ጠብ ይላል፣ ገብሱ ይዘራል፣ ሰኔ ላይ ይታጨዳል፣ ቤቱ በዚያ ክረምቱን ይሻገራል። የመኸሩን ሰብል ደጋ ላይ ውርጭና የተኛ ውሃ ስለሚያጠቃው ሰው ተስፋውን በልግ ላይ ጥሎ ኖሯል። አሁንስ? ሲመጣ ይዘገያል። ከመጣ በኋላም ሁለት ሳምንት ያወርድና ጭልጥ ይላል። ገበሬው ዘሩን በትኖ ሰማይ ሰማይ ያያል። የምሥራቅ አፍሪካን ዝናብ የሚከታተሉ ባለሙያዎችም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ እየሳሳ መምጣቱን መዝግበዋል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልለይ። ድርቅ አዲስ አይደለም። ወሎ ስድሳ ስድስትንም ሰባ ሰባትንም ያውቃል። እነዚያ ዓመታት በዝናብ መቅረት ብቻ የመጡ አልነበሩም። አንዱን መንግሥት ደበቀው፣ ሌላውን ጦርነት አባባሰው። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ኤልኒኖ መጣ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ተዛባና 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ኤልኒኖም ቢሆን ድሮም የነበረ ነው። አሁን የተለየው ድርቁ የሚመጣብን አስቀድሞ በሞቀ ምድር ላይ መሆኑ ነው። አፈሩ የያዛትን ጥቂት እርጥበት ሙቀቱ ቶሎ ይነጥቃታል።

ቦረና ላይ የሆነውን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ ቆሞ አለቀ። ይህን ያጠኑ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ውጤት ቁርጥ ያለ ነው። የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ አድርጎታል። ዝናቡ መቅረቱ ሳያንስ ሙቀቱ አፈሩን አደረቀው።

ሙቀቱ ከየት መጣ?

ነገሩ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ፀሐይ ብርሃኗን ትልካለች፣ መሬት ትሞቅና ሙቀቱን መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። በመሃል እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ያሉ ጋዞች አሉ። ከሚወጣው ሙቀት ከፊሉን ይዘው ያስቀሩታል። ምድር የለበሰችው ጋቢ በሉት። ጋቢው ባይኖር ኖሮ በብርድ አንኖርም ነበር። ችግሩ በጋቢው ላይ ጋቢ እየደረብንባት መሆኑ ነው።

የምንደርበው ደግሞ ይለካል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ውስጥ በአንድ ተራራ ላይ በመደበኛነት መለካት ሲጀመር 315 ገደማ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ድንጋይ ከሰሉ፣ ነዳጁ፣ ጋዙ፣ የሚቃጠለውና የሚጨፈጨፈው ደን ተደማምሮ ነው እዚህ ያደረሰን። እ.ኤ.አ. 2024 መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሆኖ ተመዝግቧል።

«ይህ የዘንድሮ ሰዎች ወሬ ነው» የሚል ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር በስንት ዲግሪ ልትሞቅ እንደምትችል ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ሳይንቲስት በወረቀትና በእርሳስ አስልቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የዓድዋ ዓመት ማለት ነው። አያቶቻችን ዓድዋ ላይ በዘመቱበት ዓመት ይህ ነገር ታውቆ ነበር።

ሌላም ማጥራት ያለብን ነገር አለ። ስለ ሙቀት ሲነሳ ብዙ ሰው «ኦዞን ተቀዶ ነው» ይላል። መምህራን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ አርሙልኝ። የኦዞን መሳሳት ሌላ ችግር ነው። ያመጡት ማቀዝቀዣና ስፕሬይ ውስጥ የነበሩ ጋዞች ናቸው። ዓለም እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማምቶ እነዚያን ጋዞች ማስወገድ ጀመረ፣ ኦዞኑም ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። መንግሥታት ሲፈልጉ መስማማት እንደሚችሉ ያሳያል።

አሁን ሙቀቱን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። አየሩ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለያይ ነው። ይህ ማለት አንድ ዲግሪ ሙቀት መጨመር 150 ሜትር ያህል እንደ መውረድ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ብቻ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ለደሴ ብናሰላው፣ ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ሐረጎን 200 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው አልተቆጠረም።

200 ሜትር መውረድ ምን ያመጣል? ወባ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የደብረ ዘይትን አካባቢና የኮሎምቢያን ደጋ የብዙ ዓመት መረጃ አይቶ ነበር። ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው ሽቅብ እንደሚወጣ አሳየ። «ደጋ ነን፣ ወባ አይነካንም» ማለት ከእንግዲህ አያዋጣም። ቡናም አለ። ሙቀቱ እንዲህ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ፣ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አስልቷል።

ታዲያ እኛ ምን አገባን?

ይህን ጥያቄ በየሄድኩበት እሰማዋለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ አሜሪካዊ ነዳጅና ድንጋይ ከሰል ከማቃጠል በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የእኛ የአንድ ሰው ድርሻ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። መቼም ይህ ፍትሕ አይደለም። ያሞቁት ሌሎች፣ የሚቃጠለው የቦረና አርብቶ አደር። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ምድርን ያሞቃችኋት እናንተ ናችሁ» ቢላችሁ አትቀበሉት። እኔም ዛሬ ጥፋተኛ ላደርጋችሁ አልመጣሁም።

ይህ ጥያቄ በዓለም ፊት መነሳት አለበት፣ እየተነሳም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም አል ሼክ በተደረገው ጉባኤ ለተጎዱ አገሮች የጉዳት ማካካሻ ፈንድ እንዲቋቋም ስምምነት ተደርሷል። እስካሁን ቃል የተገባው ገንዘብ ከጉዳቱ ጋር ሲተያይ የውቅያኖስ ጠብታ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ለንደንና ስቶክሆልም ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይህን ንገሯቸው። እነሱ ድምፅ የሚሰጡበት አገር ነው ዋናው ጭስ የሚወጣበት። የምርጫ ካርዳቸው ከእኛ አንድ ሺህ ችግኝ በላይ ሊሠራ ይችላል።

ግን ፍትሕ እስኪመጣ ጎርፉ አይጠብቀንም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ዝናቡ የጠገበው ኮረብታ ተንዶ ሰው ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ወገን አለቀ። ደሴም በተራራ መሃል ያለች ከተማ ናት፤ ናዳ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ደግሞም ሁሉንም ነገር በዓለም ሙቀት ማሳበብ ልክ አይደለም። ሐረር አጠገብ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር። ሐይቁን በዋናነት ያደረቀው በሞተር እየተሳበ ለጫትና ለአትክልት የሚሄደው፣ ለከተማም የሚወሰደው ውሃ፣ ከተራራው ታጥቦ የሚገባው ደለልም ነበር። እኛው ነን። ቦርከናንም የሚያቆሽሸው አሜሪካዊ አይደለም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ በእጃችን ያለው ነገር ብዙ መሆኑን ለማሳየት ነው። በእጃችን ካለው ውስጥ ሁለቱን በደንብ ላንሳ፤ ምድጃችንንና ኮረብታችንን።

ከምድጃው እንጀምር

በዚህ አገር ቤት ውስጥ ከምንጠቀምበት ኃይል አብዛኛው እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁን የሚበላው እንጀራ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አስቡ። እሳቱ በየጎኑ ይወጣል። ነፋስ ሲመጣ ነበልባሉ ወደ ውጭ ይላል። ከእንጨቱ ሙቀት ምጣዱን የሚያገኘው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ግድግዳውን ጥላሸት፣ እናትየዋን ጭስ ያጠጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል። የሚጋግሩት ሴቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ቀዳሚዎቹ ናቸው። ስለዚህ ምድጃ መቀየር ከደኑ በፊት የምታድነው የእናትን ሳንባ ነው። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ምርት ምድጃ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ እየተጠቀጠቀ የሚሠራ፣ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን የሚይዙ ምድጃ ነው። እንጨቱ በፊት ለፊቱ አፍ ይገባል። እሳቱ ታፍኖ ምጣዱ ስር ይዞራል። ጭሱና የተረፈው ሙቀት በኋላ በኩል ሲወጣ እዚያ ላይ ድስት ይጣዳል። እንጀራው ሲያልቅ ወጡም ደርሷል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ይህን ምድጃ ለመሥራት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ ቅርጽ ማውጫውና የሰለጠነ እጅ ካለ ሰፈር ውስጥ ይሠራል። እዚህ ያላችሁ ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች ይህን ነገር እንዲሁ በቀላሉ አትለፉት።

ከተማ ያለነው ደግሞ «እኛ እንጨት አናነድም» እንላለን። ከሰልስ? ባህላዊው አከሳሰል እንጨቱን በአፈር ቀብሮ ቀስ ብሎ ማቃጠል ነው። በዚህ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ የምታዩት ከሰል ብዙ ጊዜ የቆላ ግራር ነው። ያ ግራር ለዘላኑ ከብት መኖ፣ ለንቡ አበባ፣ ለአፈሩ ጥላ ነበር። ቡና አታፍሉ አልልም፤ ወሎ ላይ ቆሜ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል? ላቀች የምትባለዋን ምድጃ ግዙ። የሸክላ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ውጭ ያላት፣ ከሰል ቆጣቢ ናት። ቡናው እንዳለቀ ፍሙን በአመድ አዳፍኑት ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍናችሁ ለነገ አስቀምጡት። ወጥ ለመሥራት ግን ከሰል አታንዱ፤ መብራት ካለ ስቶቭ ይሻላል።

ኩበትን አልዘነጋሁም። ደጋ ላይ እንጨት ሲጠፋ ሰው ኩበት ያነዳል። የሚነደው ግን የማሳው ማዳበሪያ ነው። ገበሬው በአንድ እጁ የአፈሩን ምግብ ምድጃ ውስጥ ከትቶ፣ በሌላው እጁ ተበድሮ ዩሪያ ይገዛል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ጓሮ ውስጥ ለማገዶ የሚሆን ጥቂት ዛፍ ያለው ቤተሰብ እበቱን ለማሳው ማትረፍ ይችላል።

ስለ ኤሌክትሪክም ትንሽ ልበል። የእኛ መብራት አብዛኛው ከውሃ ነው፤ ጥቂት ከነፋስ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከልክላለች፣ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ሀብታም አገሮች መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰል ለማላቀቅ ሲታገሉ፣ እኛ በኤሌክትሪክ የጋገርነው እንጀራ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። መብራት ስለሚጠፋ ማማረራችሁን አውቃለሁ፣ እውነታችሁን ነው። ግን ባለበት ሰዓት በብልሃት እንጠቀምበት።

ኮረብታው

ችግኝ መትከል የማያውቅ ሰው እዚህ የለም። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በየክረምቱ እየተከልን ነው። ሐምሌ ላይ ተሰብስቦ መውጣቱ፣ ፎቶው፣ ዘፈኑ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ከሄደ በኋላ ማን ሄዶ አየው?

ችግኝ የሚሞተው በሚታወቁ ምክንያቶች ነው። ከነፕላስቲኩ የተተከለ አለ፤ ሥሩ ታንቆ ይቀራል። ጉድጓዱ ዝናብ እየዘነበ በችኮላ የተቆፈረ፣ ጥልቀቱ ከጭብጥ የማይበልጥ አለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለም አለ፤ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል። ከሁሉም በላይ ግን ፍየልና በግ አለ። ልቅ ግጦሽ ባለበት ኮረብታ ላይ ችግኝ መትከል ለከብት መኖ ማቅረብ ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ አሥር ችግኝ ተክሎ አሥሩንም ያሳደገ ሰው መቶ ተክሎ ከረሳው ይበልጥብኛል።

ከዚያም የሚቀልል መንገድ አለ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ወላይታ ሶዶ አጠገብ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ለዓመታት ተጨፍጭፎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ጎርፍና ደለል ከላይ እየወረደ ታች ያለውን ማሳ ያበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ 2,728 ሄክታር መሬት እንዲያገግም ሥራ ተጀመረ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ቦታ ችግኝ አልተተከለበትም። ዛፎቹ ተቆርጠዋል እንጂ ሥራቸው አልሞተም ነበር። መሬት ውስጥ ሆኖ በየዓመቱ ቀንበጥ ይልካል፣ በየዓመቱ ፍየል ይበላዋል ወይም ሰው ለማገዶ ይቆርጠዋል። ሕዝቡ ያደረገው ጉቶውን መንከባከብ ነው። ዘዴው ኒጀር ውስጥ ቶኒ ሪናውዶ በሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ አማካይነት ተስፋፍቶ፣ ገበሬዎች በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ዛፍ የመለሱበት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፣ ቁጥቋጦ ይመስላል። ከዚያ ውስጥ ቀጥ ያሉትን፣ ጠንካሮቹን አራት ወይም አምስት ትመርጣለህ። ሌላውን በስለት ታነሳለህ፤ እሱ ማገዶ ይሆናል። በቀሩት ላይ ታችኛውን ቅርንጫፍ ትመለምላለህ። ከዚያ ከብት እንዳይገባ ታደርጋለህ። ሥሩ አርጅቶ ጠልቆ የሄደ ስለሆነ ውሃ አጠጡኝ አይልም። አዲስ ችግኝ ብዙ ዓመት የሚፈጅበትን ቁመት በጥቂት ክረምት ይደርስበታል። የሁምቦ ነዋሪዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ደኑን በስማቸው ያዙ። ደኑ ለሚያስቀረው ካርቦን በዓለም ባንክ ፈንድ በኩል ክፍያ አገኙ። ሣሩንም አጭደው ለከብታቸው ይወስዳሉ።

የጎፍ ደንን የምታውቁ፣ በዙሪያው የምትኖሩ፣ ወደ ኮረብታው ስትወጡ መሬቱን እዩት። ጉቶ አለ። የወይራ፣ የግራር፣ የክትክታ ጉቶ አለ። ሥሩ ሕይወት ካለው ደን አለን ማለት ነው።

ውሃም እንዲሁ ይመለሳል። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባል መንደር በድርቅ ተጎሳቁላ ነዋሪዎቿን ሌላ ቦታ ስለማስፈር እስከ መነጋገር ተደርሶ ነበር። ሕዝቡ እርከን ሠራ፣ ተራራውን ከለለ፣ ሸለቆው ላይ ውሃ የሚያቁር ግድብ አበጀ። ውሃው ወደ ውስጥ ሰረገ፣ ጉድጓዶች ውሃ ማውጣት ጀመሩ፣ ፍራፍሬ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኳተር ሽልማት አገኘች። ይህን የሠሩት ገበሬዎች ናቸው።

የእኛም አገር ይህን ያውቃል። ትልልቆቹ ሀገር በቀል ዛፎች የት ነው የቀሩት? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ የሼኾቹ መቃብር ዙሪያ፣ አድባሩ ስር። በጀት አልተመደበላቸውም። ሰው «እዚህ መቁረጥ ነውር ነው» ስላለ ብቻ መቶ ዓመት ቆሙ። ቄሶችና ሼኾች እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። ያንን ነውር ከቅጥሩ ትንሽ ወደ ውጭ አስፉልን። ከአጥሩ ውጭ ያለው አሥር ሜትር ይከለል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ አሥር።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ከብት ያላችሁ፣ ብዙ ከሲታ ከመያዝ ጥቂት የጠገበ መያዝ ይሻላል፤ ወተቱም ይበዛል፣ ሚቴኑም ይቀንሳል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግና የክረምት ትንበያ ያወጣል፤ ስልክ ያላችሁ ልጆች አንብባችሁ ለአባቶቻችሁ ንገሩ፣ ምን ዓይነት ዘር መቼ እንደሚዘራ ለመወሰን ይረዳል። ከተማ ያላችሁ፣ ቦይ ውስጥ ሃይላንድና ፌስታል አትጣሉ። ደሴ ቁልቁለት ናት፤ የላይኛው ሰፈር ፌስታል የታችኛውን ሰፈር ቤት በጎርፍ ይሞላል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ደግሞ «አምና የተከልነው ስንት ጸደቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ተተከለ የሚለውን ሁሌም ይነግሩናል።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱ

አንድ አባት «ባህር ዛፍ እንትከል ወይስ እንንቀል? አንዱ ባለሙያ ይህን፣ ሌላው ያን ይለናል» ብለው ጠየቁ።

አባቴ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣው አዲስ አበባ እንጨት ስላጣች ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ የቀረው ጥድና ወይራም ለቤት ማገርና ለማገዶ ባለቀ ነበር። ለገበሬውም የባንክ ደብተሩ ነው፤ ልጅ ሲድር፣ ሲታመም ይሸጠዋል። ስለዚህ ንቀሉ አልልም። ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከስሩ ሌላ ነገር አያበቅልም። ምንጭ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር፣ ከጎረቤት ማሳ ድንበር ላይ አይተከል። ለእርሻ የማይሆን ጭንጫ ቦታ ላይ ለብቻው ይሁን። ኮረብታው እንዲያገግም፣ ምንጩ እንዲመለስ ከፈለጉ ግን ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና ይትከሉ፤ ካለም ጉቶውን ያሳድጉ።

አንዲት እህት ደግሞ «እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። መሬት የለኝም፣ ከብት የለኝም። እኔስ?» አለች።

እህቴ፣ አንቺ ምጣድ አለሽ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ብዙ ኃይል የሚሄደው ደግሞ ቀዝቃዛውን ምጣድ ለማጋል ነው። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት ከመጋገር የሳምንቱን በአንዴ መጋገር ይሻላል። ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋግራችሁ አንዱ ምጣድ ሳይቀዘቅዝ ሁለታችሁም ብትጋግሩበት ደግሞ የበለጠ ነው። ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሁሉም ሰው መብራት የሚጠቀምበት ጊዜ ስለሆነ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ያን ሰዓት ተዪው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ማብሪያውን አጥፍተሽ በተረፈው ሙቀት ማውጣት ትችያለሽ።

ሁለተኛ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ማኅበር አለ። የብሎኩ ጣራ ሰፊ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃው በአሸንዳ ወርዶ ዝም ብሎ ወደ አስፋልት ይፈሳል። ተዋጥታችሁ አንድ ሮቶ ግዙና አሸንዳው ስር አስቀምጡ። መግቢያው ላይ ወንፊት አድርጉበት፣ ክዳኑን ግጠሙት፣ ካልሆነ ትንኝ ይራባበታል። የመጀመሪያውን ቀን ዝናብ አታስገቡት፤ ከበጋ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ የሚወርደው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ለመጠጥ ባይሆንም ለልብስ፣ ለደረጃ ማጠቢያና በጋው ሲገባ ግቢው ውስጥ ላሉት ዛፎች ይበቃል። ሰኔ ሳይገባ ለመጨረስ አሁን ያለን ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው፤ የሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ አንሺው።